የልጁ አይጥና አኩሪ አተሩ

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት በካርቱም ዴም ሰፈር የኖሩ ወገኖቻችን ፉልን ያውቃሉ፤ ባቄላው ሌሊቱን እሳት ላይ አድሮ ጧት ይቀርባል። ከዚያ የተመለሱ አንዲት የወታደር ባለቤት የጠየቁን ግን ስለ አይጥ ነው። ልጃቸው ነጭ አይጥ አልምዶ ይቀልባል፤ አኩሪ አተር ይስጠው ወይስ ይተው?

መሳቃችንን አንደብቅም፤ አይጥን የምናውቀው በጎተራ ጠላትነቱ ነውና። ይሁን እንጂ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1917 እንዳሳዩት፣ ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች ማደግ ሲሳናቸው የበሰለውን የበሉት ፋፍተዋል። ጥሬው ፍሬ ሆድ ፕሮቲንን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ የሚያሸንፈውም እሳት ነው።

ስለዚህ፣ እኅታችን ሆይ፣ ልጅዎ ፍሬውን ሌሊት ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በጣት እስኪፈርስ ይቀቅለው። ጨውና በርበሬ አይንካው። የቀለቡ መሠረት የተቀቀለ ስንዴ ወይም ማሽላ ይሁን፤ አኩሪ አተሩ ጥቂት፣ ካሮትና ጎመን ይታከሉበት፤ ቪታሚን ቢ12 በእህል ስለማይገኝ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል ቁራሽ ይጨመር። የሻገተ ነገር ፈጽሞ አይቅረብለት፤ አይጥ የበላውን ማስመለስ አይችልም።

እግረ መንገዳችንን፦ ለሕፃናት ገንፎ አኩሪ አተር የምትቀላቅሉ እናቶች፣ ፍሬው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ እንደሆነ እባካችሁ አረጋግጡ።