ምርምር ከመደርደሪያ ወደ ማሳ

የእርሻ ምርምር ዋጋ የሚለካው በታተሙት ጽሑፎች ብዛት ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ በሚታየው ውጤት ነው። ተመራማሪው ለዓመታት ደክሞ ያገኘው ዘርም ሆነ የነደፈው መሣሪያ፣ አባዝቶና አምርቶ ለገበያ የሚያቀርበው ከሌለ፣ ከምርምር ጣቢያው አጥር አይወጣም። ይህን ሥራ ለመሥራት ለገበሬው ቀረብ ያሉት በየከተማው የሚገኙት አነስተኛ ድርጅቶች ናቸው። ስለሆነም መንግሥት ለእነዚህ ድርጅቶች በሥራቸው መጀመሪያ ላይ የማይመለስ ገንዘብ ሊሰጣቸው ይገባል የሚል እምነት አለኝ።

ለዚህ አስተያየት ጤፍ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ማዳቀሉም ተቻለ። በዚህ መንገድ በደብረ ዘይት ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ የሆነው «ቁንጮ» እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ። የነጭነትንና የምርታማነትን ጠባይ ያጣመረ በመሆኑም ተወዳጅ ሆነ። ይሁን እንጂ ጥሩ ዘር ብቻውን በቂ አይደለም። ጤፍ በብተና ሲዘራ ብዙ ዘር ይባክናል፤ በመስመር ቢዘራ ግን ጥቂት ዘር ይበቃል፤ አረሙንም ለመንቀል ይመቻል። ነገር ግን ያን ደቃቅ ፍሬ በእጅ በመስመር መዝራት አድካሚ ነው። ምክሩ በሥራ ላይ እንዲውል መሣሪያ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያለው ሰው የጤፍ መዝሪያ ለመሥራት ተነሣ እንበል። የመጀመሪያው መሣሪያ ዘሩን በአንድ ቦታ ሊደፋው፣ ሁለተኛው በጭቃ ሊደፈን ይችላል፤ የሚሳካው ምናልባት አራተኛው ይሆናል። ለከሸፉት ሦስቱ የወጣውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ወለዱም ሙከራው ቢሳካም ባይሳካም መቆጠሩን አያቆምም። መሣሪያው በተሳካ ጊዜ ደግሞ ሌሎች ሥራ ቤቶች አይተው ይሠሩታል። ጥቅሙ ለብዙዎች ሲዳረስ ኪሣራው ግን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በዘር ብዜትም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የድቅል በቆሎ ምርት፣ ዘሩ ተመልሶ ሲዘራ፣ ስለሚቀንስ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ይኖርበታል፤ ሻጩም ገበያ አያጣም። የጤፍ ገበሬ ግን ከምርቱ ለዘር ማስቀረት ይችላል። ይህ ለገበሬው መልካም ሲሆን፣ ለዘር አባዢው ግን ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ላይመለስ ይችላል ማለት ነው። ለሕዝብ ብዙ የሚጠቅመው ነገር ለነጋዴው ጥቂት ትርፍ ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ፣ የመንግሥት እጅ ሊታከልበት ይገባል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሕግ፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ውጭ ለሚካሄድ ምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚሁ ገንዘብ የተወሰነውን ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲመድቡ አዘዘ። የእርሻው መሥሪያ ቤትም ከእነዚህ አንዱ ሆነ። አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። በመጀመሪያው ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑ በጥቂት ገንዘብ ይፈተናል፤ በሁለተኛው ፈተናውን ያለፈው ብቻ ከፍ ያለ ገንዘብ ተቀብሎ ሥራውን ያዳብራል፤ በሦስተኛው ግን ድርጅቱ ከዚህ ምንጭ ገንዘብ ሳይሰጠው በራሱ ወደ ገበያ ይወጣል። እርግጥ ሕጉ አነስተኛ ያለው እስከ 500 ሠራተኞች ያሉትን ድርጅት በመሆኑ እንዳለ ልንቀዳው አንችልም፤ በእኛ ዘንድ ይህን ያህል ሠራተኛ ያለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። ልንማርበት የሚገባው የደረጃውን ሥርዓት ነው።

«ነፃ ገንዘብ ያሰንፋል፤ በዝምድናም ይከፋፈላል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። መድኃኒቱ ግን ድጋፉን መከልከል ሳይሆን ውድድሩን ግልጽ ማድረግ፣ ከዳኞቹ መካከል ገበሬዎችን ማስገባት፣ ውጤት ያላሳየውንም በመጀመሪያው ደረጃ ማሰናበት ነው። ሌሎች ደግሞ «ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ባልተሟላበት አገር ለነጋዴ ገንዘብ መስጠት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ለምርምሩ ሕዝቡ አስቀድሞ ከፍሏል። ለተመራማሪው ደመወዝ፣ ለጣቢያው መሬት፣ ለቤተ ሙከራው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ ለመጨረሻዋ እርምጃ መሰሰት ቁጠባ አይባልም፤ ያረሱትን ሳያጭዱ መተው ነው።

በአጠቃላይ፣ ድጋፉ በጥቂቱ ቢጀመር፣ በፈተና ቢያድግና በጊዜው ቢቆም አነስተኛው ድርጅት ይቋቋማል፤ ምርምሩም ፍሬ ያፈራል። ገበሬው በግብሩ የከፈለበት እውቀት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሊጠጣ አይገባውም፤ ዘርና መሣሪያ ሆኖ ወደ ማሳው ሊመለስለት ይገባል።