ውሳኔው ይጻፍ፤ የተጻፈውም ይጠየቅ

የወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ በገጠሩ ኑሮ ውስጥ እንደ ገበያ ቀን የታወቀ ጉዳይ ነው። በቀጠሮው ዕለት የየቀበሌው ተወካይ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በትሩን ይዞ፣ ገሚሱ በእግሩ ገሚሱም በመኪና ወደ ወረዳው ከተማ ይጓዛል። አዳራሽ ገብቶ ሪፖርት ያዳምጣል፤ አስተያየት ይሰጣል፤ እጁን አውጥቶ ድምፅ ይሰጣል፤ አመሻሹ ላይ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በማግሥቱ ጎረቤቱ «ያ ጉዳያችን ምን ተባለ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ይታያል ተብሏል» የሚል ነው። የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን በዚህች «ይታያል» በምትባል ቃል ላይ ያተኩራል።

እንደሚታወቀው የገበሬው የዕለት ተዕለት ችግር በአብዛኛው መፍትሔ የሚያገኘው ወይም ሳይፈታ የሚቀረው በወረዳ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የጤና ኬላው ሠራተኛ፣ የግብርናው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የውሃው፣ የገጠር መንገዱና የመሬቱ ጉዳይ ሁሉ በወረዳው ጽሕፈት ቤቶች በኩል ያልፋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጓል። በ1990ዎቹ አጋማሽም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል የሚመደብላቸውን ገንዘብ ራሳቸው ደልድለው በምክር ቤታቸው እንዲያጸድቁ ተደርጓል። ስለዚህ በወረዳው አዳራሽ የሚወጣ እጅ የልማድ እጅ ሳይሆን የገንዘብና የሥራ ውሳኔ የሚሰጥ እጅ ነው።

ይህን ሥልጣን በሚገባ ለመጠቀም ካለፈው ተሞክሮ መማር ይገባል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው ቦታ በማኅበር እንዲደራጅ፣ ማኅበራቱም ወኪሎቻቸውን ልከው የወረዳ ገበሬ ማኅበር እንዲመሠርቱ ተደርጎ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 71 ማኅበራቱ የሕግ ሰውነት አገኙ። መሬት የደለደሉት፣ በጎረቤቶች መካከል የሚነሣውን ክርክር በፍርድ ሸንጎ የዳኙት፣ ትምህርት ቤትና መንገድ በጉልበታቸው የሠሩት እነዚሁ ማኅበራት ነበሩ። ይሁን እንጂ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ከገበሬው ወደ ላይ የሚሄደው ድምፅ እየቀጠነ፣ ከላይ ወደ ገበሬው የሚወርደው ትእዛዝ እየወፈረ ሄደ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እስከ ታወጀበት ጊዜ ድረስ መንግሥት በወሰነው ዋጋ የእህል ኮታ የሚሰበሰበው በማኅበሩ በኩል ነበር። በገበሬው የተመረጠው መሪ በገበሬው ደጃፍ ላይ ሰብሳቢ ሆኖ ቆመ።

ዛሬ የሕግ ስሙ ቀበሌ አስተዳደር ቢሆንም ገበሬው በብዙ ስፍራ አሁንም «ገበሬ ማኅበር» እያለ ይጠራዋል። ስሙ ከቀረ የቁም ነገሩም ትምህርት ሊቀር አይገባም። መሪው ተወካይ እንጂ መልእክተኛ አይደለም። መመሪያ ይዞ የሚመለስ መሪ፣ ጥያቄ ይዞ መሄዱንና ለጥያቄውም መልስ ይዞ መመለሱን ጭምር ማረጋገጥ አለበት።

ለዚህ የመጀመሪያው ነገር ጊዜን ማወቅ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በጀቱ በምክር ቤት የሚጸድቀው ክረምቱ ሲገባ ቢሆንም ዕቅዱ የሚረቀቀው ግን ከወራት በፊት በበጋው ነው። በሐምሌ ወር «ድልድይ ይሠራልን» ብሎ የሚነሣ መሪ፣ ጎረቤቶቹ ዘር ሲዘሩ ገና ሞፈርና ቀንበር ፍለጋ እንደሚዞር ገበሬ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ግን አልፏል። ስለዚህ የቀበሌው ጠቅላላ ጉባኤ አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ ሲያገኝ ተቀምጦ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ሊያስቀምጥ ይገባል። ሁሉንም አንደኛ ማድረግ አንዱንም አንደኛ አለማድረግ ነው።

ሁለተኛው ነገር የወረዳውን አቅም አውቆ መጠየቅ ነው። ከወረዳው በጀት ከፍተኛው ድርሻ ለመምህራን፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ የሚውል ሲሆን፣ ለሥራ ማስኬጃና ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን የተገነዘበ መሪ «መንግሥት ይሥራልን» ብሎ አይቆምም። ድንጋይና አሸዋ ከየት እንደሚገኝ፣ ሕዝቡ ስንት ቀን ጉልበት እንደሚያዋጣ፣ ከወረዳው የሚፈለገው ሲሚንቶ ወይም ባለሙያ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ ይቀርባል። በዚያው መጠን ደግሞ ለሥራ ማስኬጃ የተመደበው ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለው። ሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ አጥቶ ቆሞ ሳለ የስብሰባ አበል የሚከፈል ከሆነ ምክር ቤቱ ለምን ብሎ መጠየቁ የተመረጠበት ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ተበላሸ እንበል። እናቶችና ሴቶች ልጆች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ከሩቅ ወንዝ መቅዳት ጀመሩ። ተወካዩ ጉዳዩን በጥቅምት ስብሰባ አነሣ፤ «ይታያል» ተባለ። በጥር ደገመው፤ «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። በሚያዝያ ሲያነሣው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተቀይሮ ነበርና አዲሱ ኃላፊ «ጉዳዩን አላውቀውም» አለ። ማን ዋሸ? ምናልባት ማንም አልዋሸም። ሦስት ጊዜ ተነጋገሩ እንጂ አንድ ጊዜም አልወሰኑም። ቃለ ጉባኤው ቢገለጥ የሚገኘው «የውሃ ችግር ተነሥቷል፤ ውይይት ተደርጎበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ውሃ አይቀዳም።

ያው ጉዳይ እንዲህ ቢጻፍስ? «የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት የጎደለውን መለዋወጫ እስከ ኅዳር 30 ቀን ገዝቶ ፓምፑን እንዲያስጠግን፤ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ከመዋጮው የድርሻውን እንዲከፍል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ውጤቱን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያስረዱ ተወስኗል።» በዚህ ውስጥ አድራጊው፣ ሥራው፣ ቀኑና መልስ ሰጪው ይታወቃሉ። ኃላፊው ቢቀየር ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ውሳኔውን ይረከበዋል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ከሌለም ይጻፍ። «በዚህ ዓመት አይቻልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል መልስ ቢያስከፋም ሰውን አያታልልም። ገበሬው አይቻልም ከተባለ መዋጮ ያሰባስባል፣ ምንጭ ይጠርጋል፣ ሌላ መላ ይፈልጋል። «ይታያል» የተባለ ሰው ግን ደጅ ደጁን እያየ ክረምት ይገባበታል። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከእምቢታው ሳይሆን መልሱ ሳይታወቅ ከሚያልፈው ጊዜ ነው።

በመሆኑም እያንዳንዱ ስብሰባ ወደ አዲስ አጀንዳ ከመግባቱ በፊት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ። ንባቡም ለወግ ያህል እንዳይሆን እያንዳንዱ ውሳኔ «ተፈጽሟል፣ አልተፈጸመም፣ ያልተፈጸመበት ምክንያት» እየተባለ ይጠየቅ። ስብሰባው ሲያልቅም ተወካዩ ቀበሌውን የሚመለከተውን ውሳኔ በደብተሩ ገልብጦ ይዞ ይውጣ። ማንበብና መጻፍ የሚከብደው ቢኖር ከአጠገቡ ያለውን ባልደረባውን ይጠይቅ፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሕዝብን ጉዳይ በትዝታ ይዞ መመለስ ነው።

ስለ ሪፖርትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአዳራሹ የሚነበበው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ በቁጥር የታጀበ ነው፤ ይህን ያህል እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ገበሬ ሠለጠነ ይላል። ቁጥር መቅረቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም፤ የተሠራ እርከንም ሁሉ ጎርፍ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ጉልበት የፈሰሰበት የችግኝ ተከላ በበጋ ቆጠራ ካልተከታተሉት ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። በቀበሌው ተራራ ላይ ስንት ችግኝ እንደደረቀና ስንቱን ከብት እንደበላው ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ የሚያውቀው ተወካዩ ነው። ሪፖርቱ በዓይኑ ካየው የተለየ ከሆነ ተነሥቶ በአክብሮት ግን በግልጽ ሊናገር ይገባል። ባላየው ነገር ላይ ማጨብጨብ ለማንም አይበጅም፤ በዚያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የሚወጣው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድም የተሳሳተ ይሆናል።

ሥራው በወረዳው አዳራሽ አያበቃም። መሪው በተመለሰ በሳምንቱ ውስጥ፣ በሰንበቴውም ሆነ በዕድሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥርም ሆነ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ የተወሰነውንና ያልተወሰነውን ለሕዝቡ ያስረዳ። በአንቀጽ 12 ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝቡም በተመራጩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። በተለይም በ2000ና በ2005 ዓ.ም. ከተካሄዱት የአካባቢ ምርጫዎች በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው በመተላለፉ፣ ተመራጮች ከተያዘላቸው ዘመን በላይ በወንበራቸው ቆይተዋል። ድምፅ መስጫ ሳጥን በዘገየ መጠን በዛፍ ጥላ ሥር የሚሰጠው መልስ ሊበረታ ይገባል።

የወረዳ ኃላፊዎችም በበኩላቸው ድርሻ አለባቸው። አጀንዳውና የበጀቱ ሰነድ ለተወካዮች ከቀናት በፊት ይድረሳቸው። በዕለቱ የሚታደል ወፍራም ጥራዝ ገበሬውን እጅ አውጪ እንጂ መካሪ አያደርገውም። የስብሰባው ቀጠሮም የእርሻን ወቅት ያገናዘበ ይሁን። በእርሻና በአጨዳ ሰሞን ተደጋግሞ ወደ ከተማ የሚጠራ መሪ ማሳው ዳዋ ሲለብስበት ለሕዝብ ማገልገልን እንደ ቅጣት ያየዋል። ሴቶች ተወካዮችም ቁጥር ለማሟላት ብቻ መጠራታቸው ቀርቶ በቅድሚያ ይደመጡ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ወፍጮውና ስለ ጤና ኬላው ችግር ከእነርሱ የተሻለ ዕውቀት ያለው የለም።

ይህ ሁሉ አዲስ ገንዘብ ወይም አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕርና ያለመሰልቸት ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምረው «ይታያል» ሲባሉ «ማን? መቼ? ተጽፏልን?» ብለው ይጠይቁ። ይህን የጠየቀ መሪ ወደ መንደሩ ሲመለስ ለጎረቤቱ የሚነግረው የተቆረጠ ቀን ይኖረዋል፤ ቀኑ ካለፈም ከማን ደጅ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።