በመደበቅ የሚሰረይ ኃጢአት

ልጅ የሚማረው ከመምህሩ አፍ ብቻ አይደለም፤ ከጨዋታውም ይማራል። እንዲያውም ከጨዋታ ያገኘው ትምህርት ጠልቆ ይቀመጣል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ የመምህሩን ቃል አንዳንድ ጊዜ በግድ፥ ጨዋታውን ግን ሁልጊዜ በፈቃዱና በደስታ ስለሚቀበለው ነው። ገበጣ የተጫወተ ሕፃን መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይለምዳል፤ በገና ቀን ሩር የለጋ ጎረምሳ ከወገኑ ጋራ መተባበርን፥ ሲሸነፍም መቻልን ይለምዳል። ስለዚህ የአንድ ከተማ ሽማግሌዎችና ካህናት ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ ሲጠይቁ፥ ምን እንደሚጫወቱም ሊጠይቁ ይገባል።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች፥ ከአርባ ምንጭ፥ ከሆሳዕናና ከሻሸመኔ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት፥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በእርስዋም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። ዕቃቸው ቴሌቪዥን፥ አግዳሚ ወንበርና ጆይስቲክ ነው፤ ደንበኞቻቸውም ጥቂት ብር የሚከፍሉ ልጆች ናቸው። ከነዚህም ልጆች አንዳንዱ የሚከፍለውን ከአባቱ ይቀበላል፤ አንዳንዱም ጫማ ጠርጎ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ያገኘውን ያወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት የእግር ኳስ ነው፤ በዚህም ማንም ነውር ሊያገኝ አይችልም። ነገር ግን በዚያው ቴሌቪዥን ላይ፥ በዚያው ዋጋ፥ ሌላም ጨዋታ ይከፈታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚያ በሁለተኛው ላይ ነው።

ስሙ ግራንድ ቴፍት አውቶ ይባላል፤ ልጆቹም አሳጥረው ጂቲኤ ይሉታል። ይህ ስም በአሜሪካ አገር አውቶሞቢል የመስረቅ ወንጀል የሚጠራበት ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ በነበረ ኩባንያ ተሠራ፤ በ2004 ሳን አንድሪያስ የተባለው፥ በ2013 ደግሞ አምስተኛው ወጣ። አምስተኛው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር አስገኘ፤ እስከ ዛሬም ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ሳን አንድሪያስም ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በእጅ ስልክ የሚሠራ ሆኖ ስለ ወጣ፥ ጨዋታውን የሚፈልግ ልጅ ወደ ጨዋታ ቤት መሄድ እንኳ አያሻውም።

መልኩ እንደ ሲኒማ ነው፤ ታሪክ አለው፥ ሙዚቃ አለው፥ ከተማው፥ ባሕሩና ተራራው እጅግ አምሮ ተሥሏል። ነገር ግን ሲኒማ የሚያይ ሰው ወንበዴውን ከሩቅ ይመለከተዋል፤ ይህን የሚጫወት ልጅ ግን ራሱ ወንበዴውን ይሆናል። መንገደኛውን መኪና የሚያስቆመው፥ ነጂውን ጎትቶ የሚጥለው፥ በእግረኛው ላይ የሚነዳው፥ የሚተኩሰውም የልጁ ጣት ነው። በአምስተኛው ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው ታስሮ የሚሠቃይበት ክፍል አለ፤ የማሠቃያውንም መሣሪያ መርጦ እንዲያነሣ የሚታዘዘው ተጫዋቹ ነው።

ሆኖም ከመግደሉ ይልቅ የሚከፋው ከመግደል በኋላ የሚሆነው ነው። ተጫዋቹ ወንጀል ሲሠራ በቴሌቪዥኑ ጥግ ኮከቦች ይበራሉ፤ ኮከቡ በበዛ ቁጥር የሚያሳድደው ፖሊስ ይበዛል። እነዚያን ኮከቦች የሚያጠፋው ምንድር ነው? የበደሉትን መካስ ነውን? ይቅርታ መለመን ነውን? ወደ ዳኛ መቅረብ ነውን? ከነዚህ አንዱም አይደለም። ተጫዋቹ ከፖሊስ ዓይን ተሰውሮ ጥቂት ይቆያል፤ ኮከቦቹም ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚከሰው የለም። በሳን አንድሪያስ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ መኪናውን ወደ ቀለም ቀቢው ጋራዥ አስገብቶ ቀለሙን ያስለውጣል፤ ሲወጣም ንጹሕ ሰው ሆኖ ይወጣል። ቢያዝ መሣሪያውንና ጥቂት ገንዘብ ተቀምቶ ወዲያው ከፖሊስ ጣቢያው ደጅ ይለቀቃል። ቢሞት ከሆስፒታል ደጅ ይነሣል፤ የሞቱም ዋጋ የሕክምናው ሒሳብ ነው።

ቃየል የሸሸገው ደም ከምድር እንደ ጮኸ ለሚያስተምሩ ካህናት፥ ይህ ትምህርታቸውን ከሥሩ የሚገለብጥ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ንስሐ ሳይኖር የሚሰረይ፥ ካሣ ሳይከፈል የሚዘጋ፥ ቀለም በመለወጥ የሚጠፋ ኃጢአት በዚያ አለ። የወላይታም ልማድ ከዚህ ጋራ አይስማማም። ጊፋታ ከመድረሱ አስቀድሞ የተጣላ ይታረቃል፤ ዕዳ ያለበትም ዕዳውን ይጨርሳል፤ በአሮጌው ዓመት በደል ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። አባቶች በደልን ፊት ለፊት አውጥተው በሽማግሌ ፊት የሚጨርሱበትን ሥርዓት ለልጅ ለማውረስ ብዙ ዘመን ደክመዋል፤ ጨዋታው ግን ለዚያው ልጅ ጥቂት ተደብቆ መቆየት ይበቃል ብሎ ይነግረዋል።

በሳን አንድሪያስ ታሪክ ውስጥ አንድ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ባለ ታሪኩ ካርል ጆንሰን ከ5 ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው የሚመለሰው እናቱ በጥይት ተገድላ ወደ ቀብሯ ነው። እንግዲህ የጨዋታው ደራሲዎች የተገደለ ሰው ሐዘን እንዳለው ያውቃሉ ማለት ነው፤ ታሪካቸውንም የመሠረቱት በዚያ ሐዘን ላይ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ካርል በመንገድ ላይ የሚገድላቸው ሁሉ እናት የላቸውም። ስም የላቸውም፤ ለቀስተኛ አይመጣላቸውም፤ ድንኳን አይተከልላቸውም፤ ዕድርም አይሰበሰብላቸውም። ሬሳቸው ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ከኪሳቸው የወደቀው ገንዘብ ነው። የራሱን እናት እያለቀሰ የሌላውን እናት ልጅ እንደ ትቢያ የሚረግጥ ሰው፥ ለ12 ዓመት ልጅ የሚሰጥ አርአያ ነውን?

ጨዋታ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም በእውነት ሊመዘን ይገባል። ፊተኛው መልሳቸው፥ ይህን የተጫወተ ሁሉ ገዳይ አልሆነም የሚል ነው፤ በዚህም እውነት አላቸው። በ2019 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 14ና 15 የሆነ 1000 ያህል የብሪታንያ ልጆችን መርምረው፥ በእንዲህ ያለው ጨዋታና በልጆቹ ቁጡነት መካከል ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበርም በ2020፥ ጨዋታው እንደ መጮኽና እንደ መገፋፋት ካለ ጠብ ጋራ ጥቂት ዝምድና እንዳለው፥ ነፍስ መግደልን ግን ከጨዋታው የመጣ ነው ማለት እንደማይገባ ገልጧል። ስለዚህ በዓውደ ምሕረት ቆሞ ይህ ጨዋታ ልጁን ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል የሚል ሰባኪ ያልተረጋገጠ ነገር ይናገራል፤ ያነበበ ተማሪም ይስቅበታል፤ በዚህ የሳቀ ተማሪ ደግሞ እውነተኛውንም ምክር አይሰማም። ነገር ግን ልጅ ገዳይ አለመሆኑ ብቻ ለአባት ይበቃዋልን? አባት የሚመኘው ልጁ የበደለውን እንዲክስ፥ የሰው ሞት እንዲያሳዝነው፥ ደካማውን በመንገድ ሲያይ እንዲቆምለት ነው። ይህን ደግሞ ምንም ምርመራ ከዚህ ጨዋታ እንደሚገኝ አልተናገረም።

ሁለተኛው መልሳቸው ረቀቅ ያለ ነው። ጨዋታው ወንጀልን አያመሰግንም፤ በአሜሪካ ስግብግብነት፥ በጋዜጦቿና በፖሊሶቿ ላይ የሚሣለቅ ሽሙጥ ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ አሜሪካን የሚያውቅና እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚሰማ ዐዋቂ ሰው ሽሙጡን ይረዳዋል። ነገር ግን ሽሙጡ የተነገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥይቱ ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ጨዋታ ቤት የገባ የሶዶ ልጅ የሽሙጡን ቃል ሁሉ ያልፈዋል፤ የሚቀርለት መንዳትና መተኮስ ነው። እንዲህ ከሆነ ለዐዋቂ የተጻፈውን መጽሐፍ ቃሉን ቀድዶ ሥዕሉን ብቻ ለሕፃን እንደ መስጠት ነው።

ሠሪዎቹም ይህን አልሸሸጉም። አምስተኛው ጨዋታ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በላይ ለሆነ፥ በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብቻ የሚል ምልክት በሽፋኑ ላይ አለበት። በብሪታንያ ይህን ምልክት ጥሶ ለልጅ የሚሸጥ ነጋዴ በሕግ ይጠየቃል። ከባቢሎንም ይሁን ከአሜሪካ የመጣ ነው ብሎ ባዕድን መርገም ቀላል ነው፤ ባዕዱ ግን ለልጅ አይደለም ብሎ ጽፎ ልኮታል። እዚህ ሲደርስ ሽፋኑ ይቀራል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀዳ ያለ ሽፋን ይዞራል፤ በደጁም ላይ ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ጥፋቱ ሽፋኑ በቀረበት በዚህ በኩል ነው።

ሦስተኛው መልስ ከአገር ልማድ የተወሰደ ነው። ኢትዮጵያ ሽፍታን በዘፈን ስታወድስ፥ ጀግናን በፉከራ ስታሞግስ የኖረች አገር ናት፤ ለልጆቿ ጠመንጃ አዲስ ነገር ነውን? ይላሉ። ይህን የሚል ሰው የሽፍታን ታሪክ እስከ መጨረሻው አልሰማም። በአገር ተረት ሽፍታ ደም አለበት፤ ደም መላሽ ይከተለዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ መጨረሻውም ወይ እርቅ ወይ ገመድ ነው። ፉከራውም የሚፎከረው ሞትን የሚያውቁ ሰዎች ባሉበት ነው። በጨዋታ ቤት ግን ፉከራው ያለ ደም፥ ደሙም ያለ ደም መላሽ ቀርቧል።

ሶዶ ደግሞ ጥይት በእውነት ምን እንደ ሆነ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በዚህችው ከተማና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ሞተዋል፤ ለነዚያ ድንኳን ተተክሏል፥ እናቶቻቸውም አልቅሰዋል። መኪናም በእውነት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሞታል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጎረቤት በሲዳማ ክልል በቦና ወረዳ ለሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እንዲህ ያለውን ሐዘን በጎረቤቱ ባየ ከተማ ውስጥ፥ እግረኛ መግጨትን ለልጅ በብር መሸጥ ነውር መሆኑን ለመረዳት የኦክስፎርድ ሊቅ አያስፈልግም።

የጨዋታ ቤት ባለቤት ግን የሕዝብ ጠላት ተብሎ ሊሰደድ አይገባም። እርሱም ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ ወጣት ነው፤ የሚኖረውም በዚያው ገቢ ነው። ልጆቹ ከጫት ቤት ይልቅ በእኔ ቤት ቢውሉ ይሻላል ቢልም ፈጽሞ አልተሳሳተም። ከእርሱ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስገባ፥ ለልጅ ኳሱን እንዲያጫውት፥ ለዐዋቂ የተሠራውን ለዐዋቂ እንዲተው። የከተማው አስተዳደርም የንግድ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን ሊያዝዝ ይገባዋል። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በስልክና በኮምፒዩተር መስመር የሚጫወቱትን በሳምንት በ3 ሰዓት ወስናለች፤ ይህ ያህል ጥብቅ ሕግ ለሶዶ ይበዛ ይሆናል፤ ምንም ሕግ አለመኖር ግን ያንሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕዳ በአባቶችና በካህናት ላይ ነው። ልጅ ወደዚያ ጠባብ ክፍል የሚገባው ውጭው ስለ ጠበበበት ነው። ከተማ ባደገ ቁጥር የኳስ ሜዳ ይታጠራል፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከቅዳሴ በኋላ ይዘጋል፤ አባትም ማታ ደክሞ ሲገባ ልጁ ስልክ ይዞ ጸጥ በማለቱ ይደሰታል። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብጹን ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ውድድር ሲያስወጣ መላው ከተማ በደስታ ወጥቶ ነበር፤ እንዲያ የሚደሰት ከተማ ለልጆቹ ሜዳ መንፈግ አይገባውም። ጨዋታን የሚያሸንፈው የተሻለ ጨዋታ እንጂ እርግማን አይደለም።

እንቁላል የሰረቀው ልጅ በኋላ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል እናቱን፥ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ኖሮ እንዳላት በአገር ሁሉ ይነገራል። ዛሬ እንቁላሉ በቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤ በሬውም ላይመጣ ይችላል። ነገር ግን እናት ልጅዋን በእንቁላሉ የምትቀጣው ስለ በሬው ፈርታ ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉም የሰው ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የሶዶ አባት አንድ ቀን ወደዚያ ቤት ገብቶ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ኮከቦቹ ሲበሩ ይመልከት፤ ሲጠፉም ልጁን፥ የሞተው ሰው እናት ወዴት ናት? ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ከጨዋታው ውስጥ መልስ አያገኝም፤ መልሱን የሚነግረው አባቱ ነው።