ልብ የሚሰቅልና ልብ የሚያደክም እሽቅድምድም

ባለፈው እሑድ በጁባ፣ አትላባራ ሰፈር፣ ከአንዲት እኅታችን ቡና ቤት ተሰብስበን የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ስንመለከት፣ እኅታችን ረከቦቱን እያሰናዱ «መዞር ብቻ ከሆነ ወፍጮስ ይዞር የለም?» ብለው ሳቁብን።

አልተሳሳቱም። ፍጥነት ብቻውን ዓይንን እንጂ ልብን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሞናኮ ጠባብ ጎዳናዎች በተደረገው ውድድር የፊተኞቹ አሥር መኪኖች በተሰለፉበት ተራ ጨረሱ፤ መቅደሚያ ስፍራ በሌለበት ምን ይጠበቃል? በአንጻሩ በ2021 ሃሚልተንና ቬርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው አቡ ዳቢ ላይ ሲገናኙ፣ የዓመቱ ሻምፒዮን የተለየው በመጨረሻው ዙር ነበር። እኛም ያን ዕለት ሻያችንን ረስተናል።

በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መኪኖቹ በየተራ እየተለቀቁ ከሰዓት ጋር ይታገላሉ፤ መንገድ ዳር የቆመ ተመልካች አንዱን ለቅጽበት አይቶ ቀጣዩ እስኪደርስ አቧራ ይውጣል። በዓይን የሚታይ መቀዳደም የለም። ይሁን እንጂ ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974ና በ1976 ያሸነፉበትን ጭቃና ድንጋይ የእኛ ነጂዎች በእጃቸው ያውቁታል።

ከፎርሙላ ዋኑ በኋላ ቴሌቪዥኑ የሳፋሪን ውድድር አሳየ። አንዲት መኪና እስከ በሯ ጭቃ ውስጥ ተውጣ ስታጓራ እኅታችን ሳቃቸውን አቆሙ። የከባድ መኪና ነጂ የሆኑት ባለቤታቸው ሐሙስ ዕለት የቦርን መንገድ ይዘው ወጥተዋል። ጀበናውን እንደያዙ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ አሉና «ወጣች?» ሲሉ ጠየቁን።