ግራዚያኒ መታሰቢያ አለው፤ አፈወርቅስ?

ከጀርሚስተን (ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ደቡብ አፍሪካ)

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ከተማ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ሲመረቅ በየአገሩ ያለን ስደተኞች ጮኸናል፣ ተቃውመናል። ደግ አደረግን። ግን ወገን፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የዚህ ሰው አውሮፕላኖች በወረራው መጀመሪያ ላይ የገደሉትን የጦር አዛዥ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃቸዋል?

ግራዝማች አፈወርቅ ወልደሰማዕት ይባላሉ። ፋሽስት ኢጣሊያ ድንበር የጣሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ስለ ሰሜኑ ግንባርና ስለ ማይጨው ብዙ ተብሏል። ኦጋዴን ግን ተረስቷል። አፈወርቅ እዚያ ቆራሄ ላይ መሽገው ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ምሽጉን በቦምብ ደበደቡት። አዛዡ ክፉኛ ቆሰሉ። ሄደው ይታከሙ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ እሳቸው ከሄዱ ጦሩ እንደሚፈታ ያውቁ ነበርና። ቁስሉ ገደላቸው። የፈሩትም አልቀረም፤ አዛዡን ያጣው ጦር ምሽጉን ለቀቀ፣ ጣሊያንም ያለ ውጊያ ገባበት። ደጃዝማች የተባሉት ከሞቱ በኋላ ነው።

ቆራሄ የድል ቦታ ስላልሆነ ይሆን የምንዘለው? ዓድዋን ማክበር ቀላል ነው፣ አሸንፈንበታልና። የአንድ ቁስለኛ እዚያ መቆየት ምሽግ አቁሞ እንደነበር መናገር ግን አያሳፍርም። አሁንማ ይባስ ብሎ፣ አንድ ጀግና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘሩ ሆኗል። አጥንት ቆጠራው ሙታኑንም አልማራቸውም!

ይህን ከጀርሚስተን የምናነሳው በምክንያት ነው። ደቡብ አፍሪካውያን በየዓመቱ በኅዳር 2 ሰሞን በሚውለው እሑድ በጦርነት የሞቱባቸውን ያስባሉ፤ በ1933 ዓ.ም. በእኛው አገር ፋሽስትን ሲወጉ የወደቁትንም ጨምረው። የሁለት ደቂቃ ጸጥታ የሚባለው ልማድ ራሱ በ1918 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ የተጀመረ ነው። የአፈወርቅ ሙት ዓመትም ከዚያው ሰሞን ይገጥማል። ጎረቤቶቻችን ኢትዮጵያ ውስጥ የሞተውን ልጃቸውን ሲያስቡ እኛ ሱቃችንን ከፍተን ቆመን እናያለን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በዚያ እሑድ እዚህ ያለን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለሁለት ደቂቃ አብረን እንቁም፤ የአፈወርቅና የቆራሄ ሙታን ስም ይጠራ። አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። ሊቀመንበር መምረጥም ይቅርብን፣ ምርጫ ከገባ ማኅበሩ ሁለት ይሆናል። ለልጆቻችንም ካርታ ዘርግተን ቦታውን እናሳያቸው፤ የቆራሄ ስም ዛሬም በሶማሌ ክልል የዞን መጠሪያ ሆኖ አለ።