ብረቱን መረመሩ፣ ራሳቸውን ግን አልመረመሩም

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1984 ሊነጋጋ ሲል ነው። በምዕራብ ሳይቤሪያዋ ኦምስክ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ የአውሮፕላን ማረፊያው ማኮብኮቢያ ውኃ ይዟል። የምድር ክፍሉ ተቆጣጣሪ የማድረቂያ ተሽከርካሪዎች ገብተው እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ጀርባቸው ላይ በተጫነ የጄት ሞተር ትኩስ አየር እየነፉ አስፋልቱን የሚያደርቁ ከባድ መኪናዎች ናቸው። ፈቃዱን ሲሰጥ ማኮብኮቢያው መያዙን ለባልደረቦቹ የሚያሳየውን መብራት ማብራት ነበረበት፤ አላበራም። ከዚያ እንቅልፍ ጣለው። ሹፌሮቹም ጣሪያቸው ላይ ያለውን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ዓይናችንን ይወጋናል ብለው አጥፍተውታል። ከክራስኖዳር ተነስቶ በኦምስክ በኩል ወደ ኖቮሲቢርስክ የሚሄደው ቱ-154 የማረፍ ፈቃድ አግኝቶ ወረደ፤ አብራሪዎቹ መኪናዎቹን ያዩት ማምለጥ በማይቻልበት ሰዓት ነበር። 178 ሰዎች ሞቱ፤ አራቱ በምድር ላይ ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ተቆጣጣሪው ለረጅም ዓመታት እስራት ተፈረደበት፣ መዝገቡ ተዘጋ፣ የአገሩ ሕዝብም ነገሩን በወጉ የሰማው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ነው።

ሰውየው ጥፋተኛ ነበር፤ አልከራከርም። የእኔ ጥያቄ ከእሱ በኋላ ስላለው ነገር ነው። የመቶዎች ሕይወት አንድ እንቅልፍ ያጣ ሰው በሚጫናት አንዲት ማብሪያ ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገው ማን ነው? የመንገደኛ አውሮፕላን በሚጠበቅበት ሰዓት ማኮብኮቢያ ላይ መኪና ሲሰማራ ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥ ያላስገደደውስ? የሶቪየት ዘመን የአውሮፕላን አደጋዎች ሲነሱ ብዙዎቻችን ወይ አውሮፕላኖቹ የማይረቡ ብረቶች ነበሩ እንላለን፣ ወይ በአብራሪዎቹና በቮድካቸው እንቀልዳለን። ሁለቱም ሩቅ አያስኬዱም። እነዚያ አውሮፕላኖች ሌላው ዓለም በማይደፍረው ብርድና ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል፤ አብራሪዎቹም በጥብቅ የተመረጡና የሠለጠኑ ነበሩ። ዋናው መንስኤ ከዚህ በላይ ያለ ነው፤ የሚያበረውም፣ የሚቆጣጠረውም፣ አደጋ ሲደርስ የሚመረምረውም በመሠረቱ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር።

ኤሮፍሎት ሲባል ትኬት የሚሸጥ አንድ አየር መንገድ ብቻ ለሚመስለን ነገሩ ላይገባን ይችላል። በኤሮፍሎት ስም የሚሠራው፣ በሞስኮ የነበረው የሲቪል አቪዬሽን ሚኒስቴር የአውሮፕላኖቹ ጌታ፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ባለቤት፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ አሠሪ፣ የአብራሪዎቹ መምህርና ሐኪም፣ የደንቡም አውጪ ነበር። እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጨው ትንሹ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ሳይቀር በእሱ ሥር ይተዳደራል። ከ1970 እስከ 1987 ሚኒስትሩ የነበሩት ቦሪስ ቡጋዬቭ ቀደም ሲል የሶቪየት ኅብረቱ መሪ የብሬዥኔቭ የግል አብራሪ ነበሩ። በ1976 ኤሮፍሎት በአንድ ዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን በማጓጓዝ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ይህን ያህል ሰው የሚያጓጉዝ ሚኒስቴር የሚመዘነው በዕቅዱ አፈጻጸም ነው። አደጋ ሲደርስ ኮሚሽኑ ውስጥ የሚቀመጡት ታዲያ አብዛኞቹ የዚያው ቤት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ከሶቪየት መርማሪዎች ችሎታ ነው። ጎበዞች ነበሩና። በ1958 ኦገስት ላይ አንድ ቱ-104 በአገሪቱ ምሥራቅ ወድቆ 64 ሰዎች ሞቱ፤ ምን እንደገጠመው በትክክል ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከቤጂንግ የሚመለስ ሌላ ቱ-104 በቹቫሺያ፣ ካናሽ አቅራቢያ፣ ኃይለኛ ወደ ላይ የሚነፍስ አየር ከተፈቀደለት ከፍታ በላይ ወረወረውና መቆጣጠር የማይቻል ሆነ። ዋና አብራሪው ሃሮልድ ኩዝኔትሶቭ መሞቱን እያወቀ አውሮፕላኑ የሚያደርገውን ሁሉ እስከ መጨረሻው በሬዲዮ አስተላለፈ። 80 ሰዎች ሞቱ። እሱ በነገራቸው መሠረት የጅራቱ አግዳሚ ክንፍ ማስተካከያ ተሻሻለ፣ የበረራው ጣሪያም ዝቅ ተደረገ። በ1972 ሜይ ላይ አንድ አን-10 ካርኮቭ አቅራቢያ በአየር ላይ ተሰባብሮ 122 ሰዎች ሲሞቱ፣ የክንፉ ማዕከላዊ ክፍል በብረት ድካም መሰነጣጠቁ ተደረሰበትና አን-10 ከመንገደኛ አገልግሎት ወጣ። በ1982 ያክ-42 ቤላሩስ ውስጥ ወድቆ 132 ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ የጅራቱን ማረጋጊያ የሚያንቀሳቅሰው ጠመዝማዛ ዘንግ ጥርሱ መበላቱ ታወቀ፤ አውሮፕላኑ ከሁለት ዓመት በላይ ከበረራ ታገደ፣ ንድፉ ላይ የፈረሙ መሐንዲሶችም ተከሰው ተፈረደባቸው። ይህ ሁሉ የሰነፍ ሥራ አይደለም።

እንዲህ ያለ ችሎታ ብረት ላይ ሲሆን የሰላው፣ አሠራር ላይ ሲደርስ ለምን ደነዘዘ? አውሮፕላኖቹን የሚሠራው ሌላ ሚኒስቴር ነበር፤ የአቪዬሽን ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ይባላል። ክንፍ ከተሰነጠቀ ጥፋቱ የእነዚያ ነው፤ የሲቪል አቪዬሽኑ ሰዎች ይህን ለማረጋገጥ አይለግሙም። ፋብሪካው በበኩሉ ጥፋቱ የአበራረር መሆኑን ለማሳየት ይተጋል። ሁለት ሚኒስቴሮች ጠረጴዛ ላይ ሲተያዩ የሚከላከልለት ሚኒስቴር የሌለው የሞተው አብራሪ ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ በሕይወት የተረፈው ዝቅተኛ ሠራተኛ። የሥራ ሰዓት ምደባው፣ የቁጥጥሩ አደረጃጀት፣ የዕቅዱ ጫና ጥፋት ነው የሚል ውሳኔ ቢወጣ ግን ተጠያቂው ወሳኙ ራሱ ይሆናል።

በ1979 ኦገስት 11 ዩክሬን ውስጥ በድኒፕሮድዘርዥንስክ ሰማይ ላይ ሁለት የኤሮፍሎት ቱ-134 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 178 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ 17ቱ የታሽከንቱ ፓክታኮር እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾችና አባላት ነበሩ። በተጨናነቀው የካርኮቭ አየር ክልል ላይ ተቀምጦ የነበረው የ20 ዓመት ወጣት ነው። ሬዲዮው በድምፅ ተደራርቦ ስለነበር፣ ከፍታ ቀይር የሚለውን ትእዛዝ ማን ተቀብሎ እንደመለሰ ሳይረጋገጥ ታለፈ። የፍርዱ ውጤት፦ ለሁለት ተቆጣጣሪዎች 15፣ 15 ዓመት። የ20 ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ክልል ላይ የመደበው ግን ከተከሳሾቹ ጋር አልቆመም። የዚያን ቀን አየር ክልሉ የጠበበው ለአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጉዞ መተላለፊያ ስለተያዘ ነው የሚለው በሰፊው የሚነገር ወሬም ቢሆን፣ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በከፈቱት ምርመራ ሊጣራ የሚችል አልነበረም።

በ1985 ጁላይ ላይ በኡዝቤኪስታን፣ ኡችኩዱክ አጠገብ የወደቀው ቱ-154 ደግሞ 200 ሰዎችን ፈጀ፤ በሶቪየት አቪዬሽን ታሪክ ከዚህ የከፋ አልደረሰም። ከባድ ጭነት የያዘው አውሮፕላን በሞቃት አየር ውስጥ 11,600 ሜትር ላይ ፍጥነቱ እያነሰ ሄደ። መንቀጥቀጡን አብራሪዎቹ ከሞተር የመጣ መስሏቸው ኃይሉን ቀነሱት፤ አውሮፕላኑም ፍጥነቱ ወርዶ እየተሽከረከረ መሬት ደረሰ። የአብራሪ ስህተት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ ከመነሳታቸው በፊት በረራ ዘግይቶባቸው ለአንድ ቀን ያህል አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሳያርፉ ቆይተዋል። ድካም በሪፖርት ውስጥ ሲጠቀስ አንድ ነገር ነው፤ አብራሪ ሳያርፍ እንዲበር የሚያስችለው አሠራር ሲጠየቅ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከበር ተቃውሞ አለ። ምስጢር አውሮፕላን አይጥልም፤ ሕዝቡ ባይሰማም አብራሪዎቹ ይሰሙ ነበር ይባላል። ትክክል ነው፤ ሚኒስቴሩ የአደጋ ትንተናዎችን በውስጥ መመሪያ ለየክፍሉ ይልክ ነበር፣ ሠራተኞችም ተሰብስበው ይነበብላቸው ነበር። ችግሩ የውስጥ መመሪያ የሚነግርህ አለቃህ እንድታውቅ የፈለገውን መሆኑ ነው፤ ከዚያም ከሚኒስቴሩ አጥር አያልፍም። አጥሩ የት ላይ እንደሚጎዳ የላሪሳ ሳቪትስካያ ታሪክ ያሳያል። በ1981 ኦገስት 24 ሩቅ ምሥራቅ፣ ዛቪቲንስክ አቅራቢያ የተሳፈረችበት አን-24 ከወታደራዊ ቱ-16 ቦምብ ጣይ ጋር ተጋጨ። የሲቪሉና የጦሩ ተቆጣጣሪዎች በአንድ ሰማይ ላይ እየሠሩ በወጉ አይነጋገሩም ነበር። የ20 ዓመቷ ሙሽራ ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ ከአውሮፕላኑ ስብርባሪ ጋር ወርዳ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ አረፈች፤ በሦስተኛው ቀን በሕይወት ተገኘች፤ ባሏ ሞቷል፣ ከሁለቱም አውሮፕላኖች ከእሷ በቀር የተረፈ የለም። ካሳዋ 75 ሩብል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የስፖርት ጋዜጣ ስለ እሷ ሲጽፍ፣ በቤት ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ስትሞክር ወደቀች ብሎ አለፈ። ግጭት የሚባል ነገር ከሌለ ስለ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች መቀናጀት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ፣ የምክር ቤት አባል ወይም የሟች ቤተሰብ ከየት ይመጣል? በ1985 ሜይ ላይ ልቮቭ አጠገብ አንድ የኤሮፍሎት ቱ-134 ከአየር ኃይሉ አን-26 ጋር ተጋጨ። 94 ሰዎች ሞቱ። ምስጢሩ ብቻውን አጋጫቸው አልልም፤ የመጀመሪያው በአደባባይ ቢጠየቅ ኖሮ ግን ለሁለተኛው የቀረው ዕድል ያንስ ነበር።

ምዕራቡስ የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1974 ዲሴምበር 1 የቲ.ደብሊው.ኤ በረራ 514 ወደ ዋሽንግተን ዳለስ ሲቃረብ አብራሪዎቹ የተሰጣቸውን የመቅረቢያ ፈቃድ በስህተት ተረድተው ዝቅ አሉና፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ ገጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ስፍራ፣ በዚያው የተሳሳተ አረዳድ፣ ለጥቂት ተርፎ ነበር፤ ዩናይትድም ለራሱ አብራሪዎች አስጠንቅቋል። ለሌሎቹ ግን አልደረሰም። ስለዚህ እውቀት በአጥር ውስጥ መቅረቱ የሶቪየት ብቻ በሽታ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ምርመራው በአደባባይ ተካሄደ፤ በ1976ም አብራሪዎች ስህተታቸውን ሳይፈሩ የሚያስታውቁበት ሥርዓት ተቋቋመ፤ ሥርዓቱን እንዲይዝ የተደረገውም የሚቀጣው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይሆን ናሳ ነው። በዚያው ዘመን መርማሪው ቦርድ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጨርሶ እንዲለይ በሕግ ተወሰነ። ሶቪየት ውስጥ ግን ከሚኒስቴሩ የሚለይ መርማሪ አካል ይኑር ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ ማን ነበር?

ምዕራቡ ይህን ትምህርት ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ2019 ማርች 10 ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች የሞቱበት ቦይንግ 737 ማክስ ለበረራ ብቁነቱ የተረጋገጠው፣ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን የማረጋገጡን ሥራ በሰፊው ለአምራቹ ሠራተኞች ባስተላለፈበት አሠራር ነው። ፈታኙና ተፈታኙ አንድ ቤት ሲሆኑ የሚሆነው ሲያትልም ሆነ ሞስኮ ብዙ አይለይም። ይህ ክርክሬን የሚያጠነክር እንጂ የሚያፈርስ አይመስለኝም። የማክስ ጉዳይ በምክር ቤት፣ በፍርድ ቤትና በጋዜጣ ተዘርግፎ ዓለም አየው፤ በኡችኩዱክ የሞቱት የ200ዎቹ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም።

የሚቀረው የኩይቢሼቩ አደጋ ነው። በ1986 ኦክቶበር 20 የአንድ ቱ-134 ዋና አብራሪ መስኮቱን በመጋረጃ ጋርጄ በመሣሪያ ብቻ አሳርፋለሁ ብሎ ከረዳቱ ጋር ተወራረደና ከ94ቱ 70ዎቹን ገደለ። እብደት ነው፤ የትኛውም ድርጅት ሙሉ በሙሉ አይከላከለውም የሚለውን እቀበላለሁ። ቢሆንም የምድር መቅረብ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ አለቃውን ማንም አላስቆመውም። ሌላው ዓለም በ1977 በተነሪፌ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ረዳት አብራሪ አለቃውን እንዲጠይቅ ማሠልጠን የጀመረው ሪፖርቱ ወጥቶ፣ አገሮች ተከራክረውበት ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ለአለቃ መታዘዝ ጥሩ ምግባር ሆኖ ይቀጥላል።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ በቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች ስምምነት የኢንተርስቴት አቪዬሽን ኮሚቴ ሞስኮ ላይ ተቋቋመ። ከአየር መንገዶቹ መለየቱ መልካም ነበር። ግን አውሮፕላን ለመብረር ብቁ ነው ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጠውም፣ ያው አውሮፕላን ሲወድቅ የሚመረምረውም ይኸው ኮሚቴ ሆነ። ሩሲያ የምስክር ወረቀቱን ሥራ ወስዳ ለራሷ የአየር ትራንስፖርት ኤጀንሲ የሰጠችው በ2015 ነው፤ ምርመራው ከኮሚቴው ጋር ቀረ።