ዋት አትግዙ

የእናንተም ኅብረት ለሞንታርቦ መግዣ መዋጮ ጀምሯል መሰለኝ። በየወሩ ከኪስ የሚወጣ አለ፤ ከአምልኮ በኋላ ቡና አፍልታችሁ ያገኛችሁት አለ፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም የላከው አለ። ገንዘቡ ሲሞላ ሁለት ሦስት ልጆች ትመርጡና ትልካላችሁ። እነሱም ሄደው ወገባቸው ድረስ ከሚደርስ ጥቁር ሳጥን ፊት ይቆማሉ። ሻጩ ቀይና ሰማያዊ መብራቱን ያበራላቸዋል፣ አንድ ዘፈን ይከፍታል፣ ደረታቸው ይነዝራል። ሳጥኑ ላይ «5000 ዋት» የሚል ተለጥፏል። ተከራክረው ትንሽ አስቀንሰው ይገዛሉ፤ ታክሲ ላይ ሲጭኑም ፎቶ ይነሣሉ።

ይህን የምጽፈው እነዚያ ልጆች ከቤት ሳይወጡ እንዲደርሳቸው ነው። ያን ሳጥን አትግዙ።

እኛ ገዝተነዋል። ሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ነው የሄደበት። በተገዛ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት ልጃቸውን ቀብረው ስለነበር ለማጽናናት ሄድን። ድንኳኑ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፤ የሳጥኑ ጎማ ኮብልስቶን ላይ አልሄድ ስላለ አራት ሆነን ተሸከምነው። መሬት ላይ አስቀመጥነው። መጋቢያችን ቃል አካፈሉ፣ እኛም ዘመርን፣ የድንኳኑ ሸራ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ስንጨርስ እናትየው እጄን ይዘው «ልጄ፣ መጋቢው ምን አሉ?» አሉኝ። ከሳጥኑ አምስት ሜትር እንኳ አይርቁም ነበር። በዚያ ቀን ሳይሰማ የሚቀር ሰው ቢኖር እሳቸው መሆን አልነበረባቸውም።

ለምን አልሰሙም? ዋት ስለገዛን ነው። ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው፤ የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ነው። የማጉያውን ዋት እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው። «እጥፍ ጮኸ» እንድትሉ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ በ500 እና በ1000 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው ላይ እንጂ ጆሮአችሁ ላይ ብዙም አይታይም። ያውም ቁጥሩ እውነት ከሆነ ነው። የሳጥኑን ጀርባ አዙሩና የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት እንደሚወስድ የተጻፈበት ሳጥን 5000ውን ከየት ያመጣዋል? ሻጩ «ፒክ ነው» ይላችኋል። ፒክ ማለት ለቅጽበት ብልጭ የሚል ከፍታ ነው፤ ስብከት ግን በቅጽበት አያልቅም። ያለማቋረጥ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ የሚመልስላችሁ ካገኛችሁ እሱ ደህና ሻጭ ነው።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው። ያ ሳጥን የተሠራው ደረት እንዲነዝር ነው። የንግግር ትርጉም ያለው ደግሞ በአብዛኛው ከፍ ባለው የድምፅ ክልል፣ በተለይ ከ2000 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። በአማርኛ ጸን ከሰ፣ ጠን ከደ፣ ቀን ከከ የምንለይባቸው ፍንጥቅታዎች እዚያ ናቸው። ቤዙ ሲያጉረመርም መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። «ድል» የተባለው «ጥል» ሆኖ ይደርሳል። ሰባኪው «በጸጋ» ብሎ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እኅት «በሥጋ» ብላ ከሰማች ምን ተሰበከ? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ድምፁ ስለማይለይ መለከት የሚያነሣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። እኛ ያን መለከት በውድ ገዝተን መብራት ጨመርንበት።

አውቃለሁ፣ «ለጌታ ትልቁን እንስጥ» የሚል አለ። ይህን ያለኝ ወንድም በአገልግሎቱ የማከብረው ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ያለው የሳጥኑን ቁመት ነው። በነህምያ 8 ዕዝራ ሕጉን ያነበበው ለዚያ ተብሎ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ነው። ማንም ሞንታርቦ አልነበረውም። ያሰቡት ከሕዝቡ በላይ ከፍ እንዲል ነው፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲያስተውል ይረዱ ነበር። እኛ ግን ሳጥኑን መሬት ላይ ጣልነው፤ የፊተኛው ረድፍ ጉልበትና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ዋጠው፣ ወደ ኋላ ያለፈው ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ከሁሉ በፊት ስታንድ ግዙ። የሳጥኑ አፍ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ሲሆን ያላችሁ አሮጌ ሞንታርቦ እንኳ አዲስ ይመስላችኋል። ታች በኩል የስታንድ ቀዳዳ የሌለውን ሳጥን ደግሞ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ።

(ሞንታርቦ ራሱ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው። እኛ ማንኛውንም የድምፅ ሳጥን በዚያ ስም እንጠራለን፤ ኩባንያው ሳይገርመው አይቀርም።)

ሁለተኛው ክርክር «ወጣቱን የሚስበው ድምፁ ነው» የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመዘኛ በሙዚቃ ቦታዎች አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የሚለካውም በ15 ደቂቃ አማካይ ነው። ለሠራተኞች ጥበቃ በሰፊው የሚሠራበት ስሌት ደግሞ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ስትደርሱ የቀረላችሁ 15 ደቂቃ ነው። ከአምልኮ ወጥታችሁ ጆሮአችሁ ጭው ካለ ያ የመንፈስ ሥራ አይደለም፤ ጆሮአችሁ ተጎድቷል። ከአጥሩ ማዶ ሕፃን የምታስተኛዋን ጎረቤትም አስቡ። «እነሱስ ሌሊቱን ሙሉ በማጉያ ይረብሹን የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ታዲያ የምንሰበሰበው አጸፋ ለመመለስ ነው?

እንግዲህ ምን ይገዛ? የወጣት ኅብረት ሥራው ሳሎን ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ግቢ ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ በሚደረግ ስርጭት ነው። ስለዚህ አንዲት እኅት ብቻዋን አንሥታ ታክሲ የምትሳፈርበት፣ ከ10 ኪሎ የማይበልጥ፣ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች፣ ሊቲየም ባትሪ ያለው፣ ቢያንስ ሁለት ማይክ የሚቀበልና ለእያንዳንዱ የየራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን። ቦዝ ኤስ1 ፕሮ 7 ኪሎ ያህል ነው፤ አምራቹ ባትሪው እስከ 11 ሰዓት ይሠራል ይላል። ጄቢኤል ኢኦን ዋን ኮምፓክት 8 ኪሎ ያህል ሆኖ እስከ 12 ሰዓት ይላል። ሰዓቱ በመጠነኛ ድምፅ የተቆጠረ ስለሆነ ግማሹን ያዙ፤ ግማሹም ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ዋጋቸው ቀላል አይደለም፤ እነዚህን ካልሆነ አትግዙም አልልም። የምለው በዚህ መጠንና በዚህ ዓይነት ፈልጉ ነው። መብራት ሲጠፋ ጸሎቱ ያልተቋረጠበትን ቀን ስታዩ ትረዱኛላችሁ። በርካሹ ባለ ጎማ ሳጥን ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ነው፤ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። የእኛው ክረምቱን ስቶር ውስጥ ከርሞ መስከረም ላይ አልነሣም አለ።

ገንዘብ ከተረፈ ትልቅ አትጨምሩ፤ ሁለተኛ ትንሽ ጨምሩ። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ወደ ሰው ማቅረብ ከማስጮህ ይሻላል። ከማይኩ ፊት ግን አድርጉት፤ ከኋላው ካስቀመጣችሁት ፉጨቱ አያስቀምጣችሁም። አንድ ነገር ልመን፦ ባለ 8 ኢንች ሳጥን ድራምና ቤዝ ጊታር ሜዳ ላይ አይችልም። ድምፅና ክራር፣ ድምፅና ኪቦርድ ይችላል። በዓመት አንዴ ለሚደረግ ኮንፍራንስ ተከራዩ።

ውጭ ያለ ዘመድ ልግዛላችሁ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት ስትሰኩት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ይዞ ለመሳፈር የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ160 ካለፈ መንገደኛ ይዞት አይሳፈርም። ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ኤርፖርት ላይ መስማት ያሳዝናል።

ቤታችሁ መዝሙር የምትቀርጹም ትኖራላችሁ፤ «አንዱ ሳጥን ለሁለቱም ይሁን» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከእናንተ ነው። አይሆንም። የመድረክ ሳጥን ድምፁን ያሳምራል፣ ቤዙን ያወፍራል፤ በእሱ እየሰማችሁ የመጠናችሁት መዝሙር በስልክ ሲከፈት ቀጭን ይሆናል። መጀመሪያ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ሄድፎን ግዙ፤ ጎረቤትም አይሰማም። ቀጥሎ፣ አቅም ሲገኝ፣ እንደ ያማሃ ኤችኤስ5 ያለ ባለ 5 ኢንች ጥንድ የስቱዲዮ ሞኒተር። በብሉቱዝ ደግሞ አትቅረጹ፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይዘገያል፣ ጣታችሁና ድምፁ አይገናኙም። ገመድ ተጠቀሙ።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ማይክና ገመድ ያዙ፤ ሻጩ የከፈተላችሁን ዘፈን አስጠፉት። የታወቀ ጥቅስም አታንብቡ፤ ያልሰማችሁትን ልባችሁ ይሞላዋል። ነህምያ 8፥4ን አውጡ። በዕዝራ ቀኝና ግራ የቆሙ የ13 ሰዎች ስም አለ፤ ማንም በቃሉ አይዘውም። አንዳችሁ በሚያወራበት ድምፅ ያንብብ፤ ሌላዋ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የሰማችውን ትጻፍ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ስሞቹን ቆጥራችሁ ከ10 ካነሱ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።